ገጽ ዐሥራ ሰባት

በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ በጠዋቱ፣
ዝናብ በማይለየው በዌልስ አቀበቱ፣
የመጽሐፍ መኪናዬን እየነዳሁ እኔ፣
ልብ ወለድ በስተኋላ፣ መዝገቡ በጎኔ፣
ከጸሎት ቤቱ ደጅ ሞተሩን ሳጠፋ፣
አይርሊስ ቆማለች፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ከካፊያው ስትጋፋ።

ሰማንያ አንድ ዓመቷ። አዋላጅ ነበረች፤
በእግሩ ዘቅዝቃ ግማሹን መንደር አስለቀሰች፣
እኔንም ጭምር።
"ኢድዋል" ትለኛለች፣ "የዮጋዋ ሴትዮ መጣች?"
"መጣች" ስላት ፊቷ እንደ ልጅ ይበራል፤
ሽፋኑ ላይ ድመት ተጋድማ፣ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣
ከጥቅልሉ ጫፍ አንድ ጫማ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው።
አንዲት ትንሽ ወደብ፤ ዳቦ ቤት ከምድር፣ ዮጋ ከፎቁ ላይ፤
አስተማሪዋ ወፍራም፣ ጉልበቷ የሚንቋቋ፣ ዐይኗ ግን ሁሉን የሚያይ።
ሰኞ ማታ ሰዉ በጀርባው ተንጋሎ፣
እጁን ወዲያ ጥሎ፣ እግሩን ወዲህ ጥሎ፣
ትንፋሹን አላልቶ፣ "ሬሳ ሆኛለሁ" ብሎ
ይተኛል፤ የአተኛኘቱ ስም ነውና።
ደወሉ ተደወለ። ዐሥራ አንዱ ሰው ተነሣ፤
ዐሥራ ሁለተኛው ግን ትምህርቱን ከልቡ ያዘ፣ ሆነ ሬሳ።

ደም ብሎ ነገር የለም፤ ቢላዋም ለኬክ ብቻ፤
ፖሊሱ የሚደርሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በሩጫ።
አስተማሪዋ አሻራ አትፈልግም፤
ጆሮ አላት። "የሚዋሽ ሰው ትንፋሹ ከአንገቱ አይወርድም"
ትላለች። ተጠርጣሪውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ሰብስባ፣
"ሳቡ... ያዙ... ልቀቁ..." ስትል፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣
ገጽ ሁለት መቶ ዐሥር ላይ፣ አንዱ፣ ያልታሰበው፣
ይዞት ይቀርና መልቀቅ ይሳነው።

አንድ ቀን ጠየቅኋት፦ "በየወሩ ግድያ!
እንዴት ነው የምትተኚው?" ሳቀች። "ሞኝ!" አለች፣ "ያ
ነው እንጂ የሚያስተኛኝ!
ኤምሪስ ባሌ እኮ፣ ቁርሱን በልቶ ጨርሶ፣
ካልሲ ሊያጠልቅ አጎንብሶ፣
ቀና ሳይል ቀረ። ሐኪሙ 'ልብ ነው' አለ፤ ፈረመ፤ ሄደ።
ልብ! ልብ መልስ ነው እንዴ?
ማንን ልጠርጥር? ካልሲውን? ቁርሱን?
ስድስት ዓመት ፈልጌ አጣሁት ወንጀለኛውን።
እዚህ ግን፣ ኢድዋል፣ ሞትም ሲመጣ ደንብ አለው፤
ይያዛል፤ ይጠየቃል፤ ስሙን ይናገራል፤
ድመቷ ወተቷን ትልሳለች፤
ሰኞ ሲመለስ ሁሉም ምንጣፉን ዘርግቶ ይተነፍሳል።"

የእኛ መንደር አንባቢ አንድ ልማድ አለው።
ያነበበውን እንዳይደግም፣ ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ
ምልክት ያኖራል፤ በእርሳስ፣ በስሱ፣ ሌላ ሰው ሳያይ፤
ግዊሊም ጨረቃ፣ ሜይር የዓሣ አጥንት፣
አይርሊስ ሦስት ማዕዘን፣ ያለ ማስመሪያ፣ በቅጽበት።
ባለፈው ስትመልሰው ሰርቄ ገለጥሁት።
ሦስት ማዕዘን፣ አራት ጊዜ፣
ጎን ለጎን፣ የወፍ ዱካ መስሎ።
ገዳዩን አራት ጊዜ አግኝታው፣ አራት ጊዜ ጠፋባት።
ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ያዘው። ምን ልበላት?

ከዚያ ነው ያስተዋልሁት፣ እንደዚያ ፖሊስ ዘግይቼ፦
አራተኛዋ ከሦስቱ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፋለች፤
ቦታ እንዳታጣ ጠበብ፣ ተጠጋ ብላ ተሥላለች።
ያላየ እጅ እንዲህ አያስተካክልም።

ዛሬ ደግሞ ያችኑ ከመደርደሪያው መዘዘች፤
"ይችን አላነበብኋትም፣ አይደል?" አለች።
"አላነበብሽም" አልኋት፣ ማኅተሙን አነሣሁ፣ ቀኑን መታሁ።
ለአፍታ ዝም ብላ አየችኝ፣
ገና ስወለድ እንዲህ ሳታየኝ አትቀርም፤
ጆሮዋን ወደ ደረቴ አዘንብላ፣
"ልቀቅ፣ ኢድዋል" አለችኝ።
"ትንፋሽህን ልቀቅ።"